ዘር የተገኘበት ውሃ

ባለፈው ሳምንት ብሪቱ ዳበሳን ስንለያት አኩርፋ ነበር፤ ዛሬም ያው ናት። ያልተከታተላችሁ አትቸገሩ፣ ነገሩ ረጅም አይደለም። ብሪቱ የባምባሲው ነጋዴ የአቶ ዳበሳ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ አንድ ዓመት ምሥራቅ ጀርመን ሠልጥና፣ አሶሳ ከተማ ዳር ባለው የሰፈራ እርሻ ጣቢያ ውስጥ ቤተ ሙከራ ተሰጥቷታል። ገበየሁ ደግሞ ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ የጣቢያውን ጄኔሬተር የሚያስነሳ ወጣት ነው። ይዋደዳሉ። ጣቢያው በሙሉ ይህን ሲያውቅ ሁለቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥተው አልተነጋገሩበትም።

ያኮረፈችው በአንድ ጠረን የተነሳ ነው። ገበየሁ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግራዋ ግራዋ ይላል። ግራዋ ምን እንደሚታጠብበት የማያውቅ አንባቢ ይኖረኛል ብዬ አላስብም፤ የጠላ ጋን ነው። በሰፈራው ደግሞ ጠላ የምትጠምቀው አሰለፈች ናት፤ ሳቂታ፣ ወፍራም፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ከጣቢያው አጥር ማዶ የሆነ። ብሪቱ አንድ ማለዳ በገዛ ዓይኗ ገበየሁ ከአሰለፈች ጓሮ ሲወጣ፣ ካፖርቱ ሥር አረንጓዴ ነገር ሸጉጦ ግራ ቀኙን ሲያይ አይታዋለች። ከዚህ በኋላ የቀረውን ቅናት ራሱ ጨረሰላት። ጋን ያጥብላታል ማለት ነው፤ ጋን የሚያጥብ ሰው ደግሞ ጋኑን ሳይቀምስ አይቀርም። ብሪቱ ያደገችው ጠላ የሚለው ቃል እንኳ በሹክሹክታ በሚነገርበት የጴንጤ ቤት ነው። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሰፋሪ የሚለውን ስም ራሱ ገና ሊቀበሉ ያልተዘጋጁ አባት፣ ሰፋሪ ላይ ጠላ ሲጨመርበት ምን እንደሚሉ አስቡት።

አሁን ስለ ሥራዋ ትንሽ ታገሡኝ፤ የዚህ ፍቅር ጣጣ ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው።

አቀንጭራ የሚሉት አረም የማሽላን ሥር እየመጠመጠ የሰፋሪውን ማሳ ፈጅቶታል። መንጌ አካባቢ የበርታ ገበሬዎች የሚዘሩት አንድ ቀይ ማሽላ ግን አቀንጭራ አይደፍረውም። ምሥጢሩ ያለው ዲኤንኤ በሚባለው የዘር ክር ላይ ነው፤ ያንን ክር ፊደል በፊደል የሚያነብ ቤተ ሙከራ ደግሞ ያለው ጀርመን አገር ነው። የብሪቱ ድርሻ ከቡቃያው ዲኤንኤውን አውጥታ፣ ብዛቱንና ንጽሕናውን ለክታ መላክ ነበር። ልኩ ከተሳሳተ ማንበቡ አይሳካም።

የሚለካው ለዓይን በማይታይ ብርሃን በሚሠራ መሣሪያ ነው። ኩቬት የምትባል፣ ከኳርትዝ የተሠራች፣ ጣት የምታክል ባለ አራት ማዕዘን ዕቃ አለች። በጣቢያው ያሉት ሁለት ናቸው። በአንደኛዋ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይገባል፤ መሣሪያው እሷን አይቶ «ባዶ ማለት ይህ ነው» ብሎ ዜሮ ላይ ይቆማል። አናቷ ላይ ቀይ ነጥብ ባላት በሁለተኛዋ ዲኤንኤው ይገባል። የጠጣው ብርሃን ብዛቱን ይናገራል። በሁለት ዓይነት ብርሃን ተለክቶ አንዱ ለሌላው ሲካፈል ደግሞ ንጽሕናው ይታወቃል። አንድ ነጥብ ስምንት ከመጣ እሰየው ነው። ብሪቱን ግን እንቅልፍ የነሳት አንድ ነጥብ አራት፣ ሲብስም አንድ ነጥብ ሦስት ነበር። ብዛቱ በበኩሉ ጣሪያ ነክቷል። ማሽላው ቀይ ስለሆነ ቀለሙ እያስቸገረ ነው ብላ ደግማ አጣራች፤ ሠልሳ አጣራች። ባጣራች ቁጥር ባሰበት።

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ አባይ ግን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ብሪቱ የጻፈችውን ንጽሕና «ይህ በዕቅዳችን ውስጥ የለም» ብለው ሰረዙትና ብዛቱን ብቻ «ሁለት መቶ አርባ በመቶ፣ ከዕቅድ በላይ» ብለው ከመጀመሪያው ናሙና ጋር ለበላይ አካል አስተላለፉ። እስኪጨበጨብላቸው ይጠብቁ ጀመር።

ረቡዕ ዕለት ከአዲስ አበባ በሬዲዮ የመጣው ግን ጭብጨባ አልነበረም። ጀርመኖቹ ከተላከላቸው ያገኙት ዲኤንኤ ከተጻፈው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው ናሙና በትክክል ተለክቶ በቅዳሜው መኪና ካልተጫነ ትብብሩ ያበቃል፤ መሣሪያውም ይነቀላል።

ጓድ አባይ ወዲያው ስብሰባ ጠሩ።

«ጓዶች!» አሉ፣ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። «ሁለት መቶ አርባ በመቶ የነበረ ዲኤንኤ መንገድ ላይ አይተንም። ይህ አሻጥር ነው። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው ያለው?»

ሁሉም ወደ ገበየሁ ዞረ። መብራት ለቆ የመሣሪያውን አምፖል የሚያሞቀው እሱ ስለሆነ ማለዳ ማለዳ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው።

«ጓድ ገበየሁ ግለ ሂስ ያድርግ!»

ገበየሁ ተነሳ። «እኔ ጄኔሬተሯን ነዳጅ አስርቤያት አላውቅም» አለ። «ሌላ እሚሂስ ነገር የለኝም።»

«አምፖል ለማሞቅ ቁልፍ መጫን በቂ ነው። አንተ ግን ገብተህ ለረጅም ጊዜ ትቆያለህ፤ ዘበኛው አይቶሃል። ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

ገበየሁ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ቤተ ሙከራው በር ላይ «ያለ ፈቃድ ዕቃ መንካት በጥብቅ ክልክል ነው» ተብሎ በጓድ አባይ በራሳቸው ብሩሽ ተጽፏል። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ብሪቱን አያት። ብሪቱም አየችው፤ ይናገር፣ አንድ ነገር ይበል ብላ ለመነችው በዓይኗ። በዚያች ሰዓት በመስኮቱ ነፋስ ገባና ያ የተረገመ የግራዋ ሽታ አፍንጫዋ ሥር መጣ። ፊቷን አዞረች።

«ዝምታ መልስ ነው» አሉ ጓድ አባይ። «ቅዳሜ በመኪናው ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ያወርዱትና ከዚያ ወደ ፓዌ ሰፈራ ይዛወራል። ጓድ ብሪቱ፣ ለጓድ ገበየሁ የምትሰጪው ምስክርነት አለሽ?»

«የለኝም» አለች ብሪቱ።

ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን ተመዝግቦ ነበር። ገበየሁ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፓዌ እንግዲህ ከአሶሳ አንጻር ሌላ ዓለም ነው። አንዴ የሄደ ሰው ለመመለስ ከበላይ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ለሰፋሪ ደግሞ ያ ፈቃድ አይገኝም። ብሪቱ ከስብሰባው ስትወጣ እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት አታውቅም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ጄኔሬተሩ ክፍል ሄደች። ገበየሁ ጄኔሬተሩን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ለሚተካው ሰው ንጹሕ አድርጎ ሊያስረክብ ነው።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው። በጩኸቱ ምክንያት ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት፤ ይህም ለፍቅር ወሬ አይመችም። «ጠዋት ጠዋት ከየት ነው የምትመጣው?»

«ከቤቴ ነዋ!»

«ከቤትህ ወደ አሰለፈች ጓሮ፣ ከአሰለፈች ጓሮ ወዲህ! አይቼሃለሁ። ይሸተኛል እኮ፣ ገበየሁ!»

ገበየሁ እጁን አሸተተ። ደነገጠ። «ይሸታል እንዴ?»

«ይሸታል እንዴ ትላለህ! ስንት ቀን ሙሉ ነው አፍንጫዬን ይዤ የምሄደው!»

«ብሪቱ…» ጨርቁን አስቀመጠ። «ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።»

«የሚያስቅ ነገር አይታየኝም።»

«ያገሬ ሰዎች ቢሰሙ ደግሞ ወንድ ነኝ ብዬ ደሴ ገበያ አልወጣም። ተይው። ብቻ አንቺን እሚጎዳ ነገር አልሠራሁም። ይኸን እመኝኝ።»

«ማመንማ ምን አቃተኝ! ሒሳቡ ነው አልመጣ ያለኝ። ሰውም ዲኤንኤም አንድ ሆኑብኝ፤ ስለካ ሌላ፣ ሲደርስ ሌላ!»

ይህን ብላ በኩራት ወጣች፤ በሩ ጋ ግን የነዳጅ ጀሪካን አደናቀፋትና ኩራቷ ግማሽ ላይ ተቋረጠ። ገበየሁ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ በዘይት የጠቆረ መሆኑን አይቶ መልሶ ሰበሰበው። ይህቺ የተሰበሰበች እጅ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አልጠፋ አለች። ያቺ እጅ ክርኗን ነክታ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር እያሰበች፣ በራሷ ተናደደች።

አርብ ዕለት ደግሞ፣ ነገሩ እንዳይጎድል ይመስል፣ አባቷ ከባምባሲ መጡ። አቶ ዳበሳ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ናቸው። ወሬ ደርሷቸዋል። ልጃቸው ቤት ደረቅ ወንበር ላይ ተቀመጡና ለአፍታ ጸለዩ። ብሪቱ ጸሎቱ በረዘመ ቁጥር ጉዳዩ እየከበደ መሆኑን ከልጅነቷ ታውቃለች።

«ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ሰፋሪ ጋር ነው የምትሄጂው ተባልኩ።»

«የትም አልሄድኩም፣ አባባ።»

«ኢቢቻ ይሸታልም ተባልኩ።» ኢቢቻ ማለት በኦሮምኛ ያው ግራዋ ነው፤ አቶ ዳበሳ ሲሉት ግን የኃጢአት ስም ይመስላል። «ሰውየው ሰፋሪ መሆኑን እንኳ በጸሎት እችለዋለሁ። ኢቢቻውን ግን አልችልም።»

«ነገ ወደ ፓዌ ይሄድልሃል» አለች ብሪቱ፣ እንባዋ ሊመጣ ሲል ወደ መስኮቱ ዞራ።

አቶ ዳበሳ እፎይ ማለት ነበረባቸው። የልጃቸውን ጀርባ ሲያዩ ግን እፎይታው እምቢ አላቸው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህቺ ልጅ እናቷ የሞተች ጊዜ ብቻ ነበር እንዲህ ያለቀሰችው።

ቅዳሜ መጣ። የጭነት መኪናው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ያጓራል። ሹፌሩ አልአሚን የመንጌ በርታ ነው፤ ቀዩን ማሽላ መጀመሪያ ለብሪቱ ያመጣላት እሱ ነው፣ አጎቱ ከሚዘራው። መንገዱ ረጅም፣ ትዕግሥቱ አጭር፣ አማርኛው ደግሞ ወንድና ሴት የማይለይ ነው።

«ያላ! ያላ!» ይላል በመስኮቱ። «ፀሐይ ጠነከረ። ብሪቱ፣ አንተ ቶሎ በል፣ ዕቃ ስጠኝ!»

ብሪቱ የምትሰጠው አልነበራትም። ናሙናው በበረዶ ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል፤ ልኩ ግን ትናንትም ያው አንድ ነጥብ ሦስት ነው። በር ላይ ቆማ የምታየው ግን ናሙናውን አይደለም። ገበየሁ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ መኪናው ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። አይመለከታትም። ቢመለከታት እንደሚወርድ ስለሚያውቅ ነው፤ እሷ ግን ይህን አላወቀችም።

በዚህ መሐል አሰለፈች እየሮጠች መጣች። ሩጫ ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ እጇ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላለች፣ በሌላው ትልቅ እስር የግራዋ ቅጠል።

«ወንድሜ ገበየሁ! ሳልሰናበትህ ልትሄድብኝ! እንካ፣ ፓዌ ግራዋ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ያችን ዕቃህን በምን ልታጥባት ነው?» ብላ እስሩን ወደ ላይ ወረወረችለት።

አቶ ዳበሳ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። ብሪቱ ከደረጃው ወረደች፣ ፊቷ ነድዷል።

«ወይዘሮ አሰለፈች፣ አሁንስ አይበቃም? ሰው ሁሉ ፊት?»

«ምኑ ነው እሚበቃው፣ ዶክተር?»

«ጋንሽን ያጠበልሽ! ጠላሽን የጠጣው!»

አሰለፈች አፏን ከፍታ አየቻት። ቀጥላ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ የመኪናውን ጎማ ተደግፋ ሳቀች።

«ጠላ? እሱ? ኧረ የኔ እናት! ጠብታ ቀምሶልኝ አያውቅም፤ ስንቴ ለምኜው! ጋኑንማ ያጠብኩት እኔው ነኝ፣ ወገቤ ይመስክር። እሱ እንዲያው ማለዳ ይመጣና ከአጥሬ ለጋ ለጋውን ግራዋ ቀጥፎ ይሄዳል። ለምንህ ነው ስለው ‹ለአንዲት ትንሽ ዕቃ› ይለኛል። ምን ያህላል ብዬ ስጠይቀው ጣቱን አሳየኝ። ጣት የምታክል ጋን አለችህ ወይ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አስቄበታለሁ!»

ብሪቱ አልሳቀችም። ጣት የምታክል ዕቃ። የግራዋው ሽታ የመጣበት ጊዜና ቁጥሩ የተበላሸበት ጊዜ አንድ ላይ ነው። ይህን ያህል ተምራ፣ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው አታውቅም ነበር። ቀና ብላ መኪናው ላይ ወዳለው ሰው አየች።

«ገበየሁ» አለች። «የትኛዋን ዕቃ?»

ገበየሁ የግራዋውን እስር ታቅፎ እንደ ተቀመጠ መሬት መሬት አየ። «ቀይ ነጥብ ያላትን» አለ።

«ኩቬቷን? የኔን ኩቬት በግራዋ አጠብካት?»

«በየማለዳው። ቅጠሉን አሽቼ፣ በስንደዶ ውስጧን ፈትጌ፣ ከዚያ በውሃ አለቅልቄ። ያችን ዕቃ ስታጥቢ እጅሽን አሲድ ያቃጠለሽ ጊዜ፣ በጨርቅ አስረሽው ስትመጪ አይቼ ነው የጀመርሁት። በዚያ እጅ ሁለተኛ ወደ አሲድ እንዳትገቢ ብዬ።»

ብሪቱ ትዝ አላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትገባ ኩቬቷ ሁልጊዜ ታበራ ነበር፤ ማታ በውሃ አለቅልቄ የተውኳት እንዲህ ካበራች አሲዱ ምን ያደርግልኛል ብላ ትታዋለች። ቁጥሩ ሲከፋ ደግሞ እሷ በሐሳብ ትከሳለች፤ እሷ ስትከሳ እሱ አብዝቶ ይፈትጋል፤ እሱ አብዝቶ ሲፈትግ ቁጥሩ ይከፋል። ዲኤንኤው የሚጣራበት የፌኖል መድኃኒት ሽታ ሁሉን ስለሚውጠው ቤተ ሙከራው ውስጥ ግራዋ ሸቷት አያውቅም።

«ሁለተኛዋንስ?» አለች፣ ትንፋሿን ይዛ። «የውሃዋን?»

ገበየሁ ግራ ገባው። «እሷማ ውሃ ብቻ አይደለም እንዴ እሚገባባት? ለውሃ ዕቃ ምን ግራዋ ያስፈልገዋል?»

«እውነቱን ነው» አለች አሰለፈች። ከሰፋሪዎቹ መሐልም ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ለውሃ ዕቃ ግራዋ የሚያባክን ማን አለ?

«ውረድ!» ብላ ጮኸች ብሪቱ። «ውረድና ጄኔሬተሩን አስነሳ!»

ገበየሁ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ዘሎ ወረደ። ጓድ አባይ «በማን ትእዛዝ?» ሲሉ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ድምፃቸውን ዋጠው።

አምፖሉ እስኪሞቅ ሕዝቡ በቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ተደራረበ። ብሪቱ ሁለቱንም ኩቬቶች በንጹሕ ውሃ ሞላቻቸው፤ ከአንድ ጠርሙስ፣ ሁሉም እያያት። ነጥብ የሌላትን አስገብታ ዜሮ አደረገች። ቀይ ነጥብ ያላትን አስገባች። ውሃ ለውሃ ነው፤ የመሣሪያው መርፌ ከቦታው መነቃነቅ አልነበረበትም። ተንቀሳቀሰ። ሄደ፣ ሄደ፣ ማሽላው ሲለካ ከሚደርስበት አጠገብ ድረስ ሄዶ ቆመ።

ጓድ አባይ አንገታቸውን አስረዘሙ። «ምን ማለት ነው? ውሃው ዲኤንኤ አለው?»

«በዚህ መሣሪያ ቋንቋ አዎ፣ ጓድ። የአሶሳ ውሃ ከዕቅድ በላይ ዘር አለው።»

«ታዲያ የኔ ሁለት መቶ አርባ በመቶ…?»

«ግራዋ ነበር፣ ጓድ።»

ጓድ አባይ ያገኙት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ብሪቱ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል ማብራራቷን ቀጠለች። ግራዋ ዕቃውን ለሰው ዓይን ያጸዳዋል። ምሬቱ ግን በኳርትዙ ላይ ይቀራል። ዓይን አያየውም፤ ያ የማይታየው ብርሃን ግን ያየዋል፣ ልክ እንደ ዲኤንኤም ይቆጥረዋል። ሁለቱም ዕቃ ቢታጠብ ኖሮ ገና ዜሮ ሲደረግ ይታወቅ ነበር። አንዷ ብቻ በመታጠቧ ግን ልዩነቱ በሙሉ በማሽላው ስም ተጻፈ።

ከዚያም ዞረች። በመስኮቱ ወደ ግቢው፣ ወደ አባቷ፣ ወደዚያ በዘይት የጠቆረ እጁን ከኋላው ወደ ደበቀ ሰው።

«ረቡዕ ዕለት ምስክርነት አለሽ ወይ ተብዬ የለኝም ብያለሁ» አለች። ድምፅዋ ጄኔሬተሩን አሸንፎ ተሰማ። «ዛሬ አለኝ። አሻጥር የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ባዶ ዕቃን በባዶ ዕቃ ማስተያየት የመጀመሪያው ትምህርት ነው፣ እኔ ዕቃው ስላበራ ብቻ አመንኩት። ሰውየውን ደግሞ ግራዋ ስለሸተተኝ ብቻ ኮነንኩት። ዕቃውንም ሰውየውንም በዓይንና በአፍንጫ ነው የለካሁት። ገበየሁ ክልክል ዕቃ ነክቷል፤ የነካው ግን እጄ እንዳይቃጠል ብሎ ነው። ፓዌ የሚሄድ ካለ እኔ ነኝ። እኔን ጫኑኝ!»

ገበየሁ በሩ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር።

«እኔ እኮ…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ያችን ዕቃ ስትይዣት አይቼ ነው። ሰው ልጁን እንኳ እንዲያ አይዝም። ለዚች ሴት ምን ልስጣት ብዬ አሰብሁ። መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ። እናቴ ለከበረ ነገር እሚሆን ዕቃ በግራዋ ነበር እምታጥበው። እኔም ያለኝ እሱ ነው ብዬ ነው፣ ብሪቱ። ንጹሕ ያደረግሁልሽ መስሎኝ ነው።»

ብሪቱ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ፊት፣ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ እየሳቀች አለቀሰች። አሰለፈችም ምኑም ሳይገባት አብራት አለቀሰች፤ አልአሚን እንኳ ሞተሩን አጠፋ።

«እኔ ማሽላ አመጣ፣ እናንተ ግራዋ ለካ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ወላሂ፣ አጎቴ ይሄ ቢሰማ ይሞታል በሳቅ።»

የቀረው ሥራ ነበር። ብሪቱ ጓንት አድርጋ ሁለቱንም ኩቬቶች በአሲድ አጠበች፤ ገበየሁ ውሃ እያፈሰሰላት፣ እሷ እያለቀለቀች። የመታጠቢያው ሳህን ጠባብ ስለ ነበር ክርናቸው ይነካካ ነበር። ማንኛቸውም ክርኑን አልሰበሰበም። አቶ ዳበሳ በመስኮቱ እያዩ ነበር፤ አዩና አይቼአለሁ አላሉም። ውሃ ለውሃ ዜሮ መጣ። ከዚያ ናሙናው ገባ። ብዛቱ የድሮው ሲሶ ነው። ንጽሕናውን ስታካፍል ገበየሁ እንደ ሕመምተኛ ዘመድ ፊቷን ፊቷን ያይ ነበር።

«አንድ ነጥብ ስምንት» አለች በሹክሹክታ።

«ጥሩ ነው?»

«ንጹሕ ነው» አለችው። «ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር።» ይህን ስትል ግን የምታየው መሣሪያውን አልነበረም፤ ገበየሁም የማሽላው ነገር እንዳልሆነ ገብቶት አንገቱን ደፋ።

የቀሩት ጓድ አባይ ናቸው። በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጡ ሲያሰላስሉ ቆይተው ነበር። «ትክክለኛውን ልክ እንልካለን፤ ሁለት መቶ አርባው እንግዲህ የመሣሪያ ችግር ይባላል» አሉ። «ነገር ግን በመኪናው አንድ ሰው እንደሚሄድ አስተላልፌአለሁ። የተላለፈ ነገር አይቀለበስም። አንድ ሰው መሄድ አለበት።»

ብሪቱ ወደ ገበየሁ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ስለዚህ» አሉ ጓድ አባይ ኮፍያቸውን እያጠለቁ «ጓድ ገበየሁ የበረዶውን ዕቃ ጭኑ ላይ አድርጎ አዲስ አበባ ድረስ ያደርሳል። አስረክቦ በዚሁ መኪና ይመለሳል። የተባለው መሄዱ እንጂ አለመመለሱ አይደለም።» ብሪቱ ከዚያ ቀን በፊት ጓድ አባይን ወድዳቸው አታውቅም ነበር።

ገበየሁ የበረዶውን ዕቃ በሁለት እጁ ተቀብሎ አልአሚን አጠገብ ሊገባ ሲል አቶ ዳበሳ መንገዱ ላይ ቆሙበት። ቀጥ ብለው፣ ከላይ እስከ ታች አዩት። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«አትጠጣም?»

«አልጠጣም፣ አባባ።»

«ጋን አታጥብም?»

«ከዚያች ከትንሿ በቀር አላጠብሁም።»

አቶ ዳበሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸለዩ ይሆን? ቢሆንም ጸሎቱ በጣም አጭር ነበር። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ግን ግቢው ሁሉ እንዲሰማ «ሲመለስ ባምባሲ መጥቶ ያነጋግረኝ» አሉ። መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። «ሲመጣ ግን ታጥቦ ይምጣ፣ ኢንታላ ኮ። በሳሙና!»

መኪናው ሲወጣ ገበየሁ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አያት፤ አሁን ማየት አልፈራም። አቧራው ዋጠው። አሰለፈች ገበየሁ ቅድም ዘሎ ሲወርድ የጣለውን የግራዋ እስር ከመሬት አንስታ ለብሪቱ ሰጠቻት። ብሪቱ ቤተ ሙከራው በር ድረስ ይዛው ሄደች፤ ወደ ውስጥ ግን አላስገባችውም። ከደረጃው አጠገብ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። መራራ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ያ ስንት ቀን አፍንጫዋን ያስያዛት ሽታ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደግማ አሸተተችው፤ የመመለሻው ቀን ራቀባት።